የማን ልጅ ነው? የማንስ ባል?

አራት ቀጥ ያሉ ጭረቶች፣ ከዚያ አምስተኛው በአግድም። ጆንያ ቆጣሪው ዓይኑን ከተሸካሚዎቹ ትከሻ ሳያነሣ በከሰል ስባሪ የሲጋራ ካርቶን ጀርባ ላይ ይጭራል። ከባርጁ እስከ ዳርቻው የተጋደመችው ሳንቃ ሰው በረገጣት ቁጥር ትጎብጣለች፤ ስትጎብጥ ቡናማው ውኃ ሆዷን ይልሰዋል። ከሳንቃዋ ወዲያ እምቦጭ እየተንሳፈፈ ይወርዳል። ያው ጣናን ያስቸገረው እምቦጭ ነው፣ አበባውም ያው ሐምራዊ። ከፍ ብሎ ካሉት የማንጎ ዛፎች ሥር አንዲት ሴት ሻይ፣ ለፈለገ ደግሞ ዝንጅብል የበዛበት ቡና ትሸጣለች። የምትቀዳበትን ዕቃ ስም በምልክት ብጠይቃት "ጀበና" አለችኝ። እኔም "ጀበና" አልኩ። ጨዋታችን በዚሁ አለቀ፤ እኔ ዓረብኛ የለኝም፣ እሷም አማርኛ።

ዕለቱ ሐሙስ፣ ኅዳር 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጆቹ ኖቬምበር 13 ቀን 2025። (ከዚህ በኋላ ያሉት ወራትና ዓመታት፣ የአገር ቤቱን ጉዳይ ሳነሣ ካልሆነ በቀር፣ የፈረንጆቹ ናቸው።) ቦታው የጁባ ወደብ። ወደብ ሲባል ምጽዋን ወይም ጂቡቲን ያሰበ ሰው ይቅርታ ያድርግልኝ፤ እዚህ ያለው የወንዝ ዳርቻ፣ የዛጉ ባርጆች፣ ባርጆቹን ከኋላ የሚገፉ ጀልባዎች፣ ሽንኩርት፣ ማሽላ፣ ከሰልና ከርቀት የሚሸት ደረቅ ዓሣ ነው።

ሰው ሁሉ ስለ ትናንት ማታ ያወራል። ትናንት ማታ በመንግሥት ቴሌቪዥን አንድ ድንጋጌ ተነቧል።

ጁባ ውስጥ ድንጋጌ ማለት ምን እንደሆነ ለማወቅ እዚያ አንድ ሁለት ሌሊት ማደር ይበቃል። ሹመትና ሽረት የሚነገረው በደቡብ ሱዳን ብሮድካስቲንግ ኮርፖሬሽን፣ ብዙ ጊዜ በምሽት ዜና ነው። አንባቢው ወረቀቱን ይዞ ሲቀመጥ ሆቴሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዝም ይላል፤ ቢራ የያዘው ቢራውን ያስቀምጣል። ሚኒስትሩ መሻሩን ከጎረቤቱ እኩል በቴሌቪዥን የሚሰማበት አገር ነው። በሐምሌ 2013 ፕሬዚዳንት ሳልቫ ኪር ምክትላቸውን ሪክ ማቻርንና መላውን ካቢኔ ያሰናበቱት በዚሁ መንገድ ነበር። አምስት ወር ሳይሞላ፣ በታኅሣሥ 15፣ ጦርነቱ ፈነዳ። እንግዲህ ሰው ድንጋጌ ሲነበብ ቢራውን ቢያስቀምጥ አይፈረድበትም።

የትናንቱ የወረወረው ቤንጃሚን ቦል ሜልን ነው። ቦል ሜል በየካቲት 2025 ምክትል ፕሬዚዳንት ሲሆን፣ በግንቦት የገዢው ፓርቲ ቀዳሚ ምክትል ሊቀመንበርነት ሲታከልለት፣ ከተማው በአንድ ቃል "መጪው ፕሬዚዳንት" ብሎት ነበር። ትናንት ማታ ከምክትል ፕሬዚዳንትነቱም፣ ከፓርቲው ወንበርም ተነሣ፤ የጄኔራልነት ማዕረጉ ተገፎ ወደ ተራ ወታደርነት ወረደ። ከእርሱ ጋር የማዕከላዊ ባንኩ ገዢና የገቢዎች ባለሥልጣኑ ኃላፊም ተሰናበቱ። መጪው ፕሬዚዳንት ሳይመጣ ሄደ፤ ቡድኑም አብሮት።

"የትናንቱን ሰማህ?" አለኝ ጆንያ ቆጣሪው፣ በአማርኛ።

ደነገጥኩ። አነጋገሩ የጋምቤላ ነው፤ ቃላቱ ግን የደርግ ዘመን። ዕድሜው ወደ ሃምሳ የሚጠጋ ረጅም ሰው ነው። ያደገው ኢታንግ የስደተኞች ካምፕ እንደሆነ፣ መጀመሪያ የተማራቸው የአማርኛ ቃላት "ተሰለፍ" እና "ቁጭ በል" እንደነበሩ አጫወተኝ። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ እንደ ብዙ አሥር ሺዎች እርሱም ከካምፑ ወጥቶ ወደ ኋላ ተሻገረ። አማርኛው ግን አብሮት ተሻግሯል። እኔ "ጋሼ" እለዋለሁ፤ እርሱ "አንተ ልጅ" ይለኛል። ስሙን መጻፍ አልፈቀደም፤ እኔም አልጽፍም።

"ስለ ተሻረው ሰው ሕዝቡ ምን ይል ነበር?" ብዬ ጠየቅሁት።

"እዚህ አዲስ ሰው ሲመጣ ሦስት ነገር እንጠይቃለን፤" አለ። አንድ ጆንያ አለፈ፤ ጫረ። "የማን ልጅ ነው? የማን ባል ነው? ከብቱን ማን ሰጠለት?"

"ሥራውስ? ትምህርቱስ?"

ሳቀ። "እሱ ለናንተ ለጋዜጠኞች ነው።"

ሦስተኛዋ ጥያቄ መጀመሪያ አልገባችኝም ነበር፤ ወደ እርሷ እመለሳለሁ።

ደቡብ ሱዳን ከነጻነት ወዲህ ሁለተኛ ፕሬዚዳንት አይቶ አያውቅም። ኪር በሚያዝያ 2010 በራስ ገዝ ዘመን በተደረገው ምርጫ በ93 በመቶ ገደማ ተመረጡ፤ በሐምሌ 9 ቀን 2011 አገሪቱ ነጻ ስትወጣ እዚያው ወንበር ላይ ነበሩ፤ ዛሬም አሉ። ምርጫው ለ2015 ነበር፤ ወደ 2018 ተገፋ፤ ከዚያም ተገፍቶ ተገፍቶ ለታኅሣሥ 2024 ተቀጠረ፤ ያም አልፎ አሁን ታኅሣሥ 2026 ይባላል። የወደቡ ሰው ታዲያ የሚመዝነው መጪ ፕሬዚዳንት በምርጫ ካርድ አይመጣለትም፤ በማታ ድንጋጌ ነው የሚመጣለት። ድንጋጌው ደግሞ ስምና ወንበር እንጂ ሌላ አይነግርህም። የጎደለውን ሰው ከዘመድ አዝማድ፣ ከትዳርና ከከብት ይሞላዋል።

አንዴ ብቻ እውነተኛ መጪ መሪ ነበረ፤ ያ ክረምት አሁንም ከሰው አፍ አልወጣም። በሐምሌ 2005 የደቡቡ ዐማፂ ንቅናቄ መሪ ጆን ጋራንግ ከሃያ ሁለት ዓመት ጦርነት በኋላ ካርቱም ሲገባ ሊቀበለው የወጣው ሕዝብ ማለቂያ አልነበረውም። በሐምሌ 9 የሱዳን ቀዳሚ ምክትል ፕሬዚዳንትና የደቡቡ መሪ ሆኖ ቃለ መሐላ ፈጸመ፤ ከጎኑ ባለቤቱ ርብቃ ኛንዴንግ ነበረች። በሃያ አንደኛው ቀን፣ ሐምሌ 30፣ ከኡጋንዳ ሲመለስ የተሳፈረበት ሄሊኮፕተር ተከሰከሰ። ጁባ ውስጥ ተቀበረ። በነሐሴ 11 ምክትሉ ሳልቫ ኪር በቦታው ማለ።

ያን ጊዜ ሰው ሁለቱን ሰዎች እንዴት አነጻጸራቸው? ጋራንግ ተናጋሪ፣ ዶክተር፣ ሳቂታ። ኪር ዝምተኛ ወታደር፣ የስለላ ሰው፣ እሑድ እሑድ ካቶር ባለው ቅድስት ተሬዛ ካቴድራል የሚያስቀድስ። ሁለቱ በ2004 መጨረሻ ሩምቤክ ላይ ፊት ለፊት ተጋጭተው ነበር፤ የኪር ቅሬታ ሊቀመንበሩ ጋራንግ ድርጅቱን በቦርሳው ይዞ ይዞራል፣ እርሱ ከሌለ ድርጅቱም የለም የሚል ነበር። ያን ቅሬታ ያቀረበ ሰው ዛሬ አገሩን በማታ ወረቀት ያስተዳድራል። ታሪክ እንዲህ ያለ ቀልድ ትወዳለች።

ከሁለቱ ወንዶች ይልቅ ግን ሕዝቡ ዓይን ውስጥ የገባችው ሴቲቱ ናት። ርብቃ በሐዘኗ ሰሞን ባደረገችው ንግግር፣ አንበሳውን ከገደሉት እንስቲቱ አንበሳ ምን እንደምታደርግ ይታያል የሚለውን የወገኖቿን አባባል አንሥታ ነበር። አባባሉ ዛሬም ከስሟ ጋር ይነሣል። ያች መበለት በዚያው ዓመት በአዲሱ የደቡብ ሱዳን አስተዳደር ውስጥ ሚኒስትር ሆነች። የየትኛው መሥሪያ ቤት? የመንገድና ትራንስፖርት።

ጆንያ ቆጣሪው ይህን ሲነግረኝ በእግሩ መሬቱን መታ መታ አደረገው። "ይህ ወደብ በሷ እጅ ነበር።"

እንግዲህ አንድ ኢትዮጵያዊ አንባቢ እዚህ ላይ "ባሏ ሞቶ ለማጽናኛ የተሰጣት ሹመት ነው" ብሎ ሊያልፍ ይችላል። እኔም መጀመሪያ እንዲያ ነበር የመሰለኝ። ነገሩ በዲንቃዎች ዘንድ እንዲህ ቀላል አይደለም። ባል ሲሞት ትዳር አይሞትም። ሚስቲቱ የሟች ሚስት ሆና ትቀጥላለች፤ ከባል ወገን አንዱ ቤቱን ሲይዝ የሚወለደው ልጅ በሟች ስም ይጠራል። ኑዌሮችም ዘንድ እንዲሁ ነው፤ እንዲያውም ወንድ ልጅ ሳይተካ ለሞተ ሰው ዘመዶቹ በስሙ ከብት ጥለው ሚስት ያመጡለታል፣ ስሙ እንዳይጠፋ። እንግሊዛዊው የሥነ ሰብእ ሊቅ ኤቫንስ ፕሪቻርድ በ1951 ባሳተመው የኑዌር ዝምድናና ጋብቻ መጽሐፉ ይህን በሰፊው ጽፎታል። በዚህ ዓይን ሲታይ ርብቃ ወንበር ላይ ስትቀመጥ የተቀመጠው የጋራንግ ቤት ነው። ሰው "እማማ ርብቃ" ሲላት ሴቲቱንም፣ የሞተውንም ሰው በአንድ ስም እየጠራ ነው። በየካቲት 2020 ከአምስቱ ምክትል ፕሬዚዳንቶች አንዷ ሆና ስትሾም ከዲፕሎማቶቹ መግለጫ ይልቅ የወደቡ ሰው ነገሩን በትክክል ያነበበው ይመስለኛል።

ልጇ አኩኦል ደ ማቢዮር ስለዚህ ጉዳይ ፊልም ሠርታለች፤ "ወደ ቤት ቀላል መንገድ የለም" የሚል ዘጋቢ ፊልም ነው፣ በ2022 በርሊን ላይ ታይቷል። እናት ወደ ሥልጣን ስትመለስ ልጅ ካሜራ ይዛ ከኋላ ትከተላለች።

ይህ ሁሉ ለኛ እንግዳ መሆን አልነበረበትም። ምኒልክ በ1875 ዓ.ም. ጣይቱን ሲያገቡ ሚስት ብቻ አላመጡም፤ የሰሜንና የየጁን መኳንንት፣ ወንድሟን ራስ ወሌን፣ ወገኗን ሁሉ ወደ ሸዋ ሰፈር አመጡ። በዚያው ሰሞን ትንሿ ልጃቸው ዘውዲቱ ለዐፄ ዮሐንስ ልጅ ለአርአያ ሥላሴ ተድራለች። ሁለቱ ጋብቻዎች በአንድ ካርታ ላይ የተሳሉ መንገዶች ናቸው። የኋለኛው ዘመን ነው ትዳርን ከመንግሥት ለይቶ "የግል ጉዳይ" ያለው፤ ደርግ መጥቶ የሊቀመንበሩ ሚስት ማን እንደሆነች የሚያውቀው ሰው ጥቂት ሆነ። ስለዚህ መጋቢት 24 ቀን 2010 ዓ.ም. ዐቢይ አሕመድ በመጀመሪያው የፓርላማ ንግግራቸው እናታቸውንና ባለቤታቸውን ዝናሽ ታያቸውን ሲያመሰግኑ አገሩ በሙሉ ጆሮውን አቆመ። ያን ቀን ታክሲ ውስጥ ነበርኩ። ሾፌሩ ሬዲዮውን ከፍ አደረገና "ሚስቱን አመሰገነ!" አለ፣ ሌላውን ንግግር ሁሉ እንዳልሰማ። በመንፈቁ ካቢኔው እኩል በእኩል ሴት ሲሆን፣ ቀጥሎም ሣህለ ወርቅ ዘውዴ ፕሬዚዳንት ሲሆኑ፣ ሰው ያችን የምስጋና ቃል መልሶ መላልሶ አነሣት። ቡድኑን በትዳሩ በኩል አነበበው። ትክክል አነበበ ወይስ ተሳሳተ፣ ያ ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል።

ወደ ሦስተኛዋ ጥያቄ ልመለስ። ከብቱን ማን ሰጠለት?

ጆንያ ቆጣሪው ያስረዳኝ እንዲህ ነው። በኛ አገር ጥሎሽ አንድ ጊዜ ይጣላል፣ ይዘፈናል፣ ይረሳል። እዚህ ጥሎሹ ከብት ነው፤ ሠላሳ፣ ሃምሳ፣ መቶ፣ ለትልቅ ሰው ልጅ ከዚያም በላይ። አንድ ደመወዝተኛ ብቻውን አይችለውም። አጎት ይሰጣል፣ ወንድም ይሰጣል፣ እኅት ስትዳር የመጣው ከብት ለወንድሟ ይዞራል። የሰጠህ ሰው ልጅህ ላይ፣ ድምፅህ ላይ፣ ጠመንጃህ ላይ ድርሻ አለው። በጦርነቱ ዘመን አዛዦቹ ለወታደሮቻቸው ከብት እየሰጡ ይድሯቸው ነበር። ፈረንሳዊቷ ተመራማሪ ክሌማንስ ፒኖ በዚህ ላይ ብዙ ጽፋለች፤ የጦር አለቆቹ ብዙ ሚስት በማግባትና ለበታቾቻቸው ጥሎሽ በመክፈል ራሳቸውን የመኳንንት መደብ አደረጉ ትላለች። እንግዲህ "ቡድን" የምንለው ነገር እዚህ በሲቪ አልተመለመለም፤ ተዳረ።

ሻሮን ሃቺንሰን የተባለች አሜሪካዊት ደግሞ በ1996 ባሳተመችው መጽሐፏ ኑዌሮች ገንዘብን እንዴት እንደሚለዩ ጽፋለች። ከብት ሸጠው ያገኙት ብር የከብት ብር ነው፤ የከተማ ሽንት ቤት አጥቦ የተገኘ ብር ግን ሌላ ነው፣ በእርሱ የተገዛች ላም ለጥሎሽ አትቆምም፣ ርኩሰቱ ወደ ትዳሩ ይገባል። ይህን ለጆንያ ቆጣሪው ስነግረው አንድ ጆንያ አመለጠው። ተሸካሚውን መልሶ ጠራው፣ ጫረ፣ ከዚያ ቀና ብሎ፦

"የመንገዱ ብርስ? የመንገዱ ብር የየትኛው ነው?" አለኝ።

የቱን መንገድ ማለቱ እንደሆነ ጁባ ውስጥ የማያውቅ የለም። ቦል ሜል ፖለቲካ ውስጥ ከመግባቱ በፊት የመንገድ ተቋራጭ ነበር፤ አሜሪካ በታኅሣሥ 2017 ማዕቀብ ጥላበታለች። የተባበሩት መንግሥታት የደቡብ ሱዳን ሰብአዊ መብት ኮሚሽን በመስከረም 2025 ባወጣው ሪፖርት፣ ነዳጅ በመንገድ ይለወጥ በተባለው ፕሮግራም 2.2 ቢሊዮን ዶላር ያህል ከእርሱ ጋር ግንኙነት ላላቸው ድርጅቶች መከፈሉን፣ መንገዱ ግን አብዛኛው አለመሠራቱን ጽፏል። መንግሥት ሪፖርቱን አልተቀበለም። ለወደብ ሰው ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም፤ ወንዝና መንገድ ተፎካካሪዎች ናቸው። መንገድ የተባለው ገንዘብ መንገድ ላይም ካልዋለ፣ ወንዝ ላይም ካልዋለ፣ የት ዋለ?

ስለ ባልና ሚስት መንግሥት ከተነሣ ግን የጁባ ሰው በመጀመሪያ የሚያነሣው ሪክ ማቻርንና አንጀሊና ቴኒን ነው። በየካቲት 22 ቀን 2020 በአዲስ አበባው የሰላም ስምምነት መሠረት የአንድነት መንግሥት ሲቋቋም ሪክ ቀዳሚ ምክትል ፕሬዚዳንት ሆነ፤ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ባለቤቱ የመከላከያ ሚኒስትር ሆነች፣ በአገሪቱ የመጀመሪያዋ ሴት። ከጓዳ ወደ ጓዳ ነው፣ ያሉ ነበሩ። የገዛ ፓርቲያቸው ሰዎችም ያጉረመርሙ ነበር። ስምምነቱ ለሴቶች 35 በመቶ ቦታ ይሰጣል፤ ያች ቦታ ለሚስት ሄደች ሲሉ።

እኔ በዚህ አልስማማም፤ ቢያንስ ሙሉ በሙሉ። አንጀሊና ከ2005 ጀምሮ ካርቱም ውስጥ የኢነርጂና ማዕድን ሚኒስትር ዴኤታ ነበረች። በ2010 ለዩኒቲ ክልል አስተዳዳሪነት በግሏ ተወዳድራ በታባን ዴንግ ጋይ ተሸንፋለች። ያ ታባን ደግሞ በሐምሌ 2016 ጁባ ውስጥ ተኩስ ተነሥቶ ሪክ በእግሩ ወደ ኮንጎ ሲሸሽ የሪክን ወንበር የወሰደው ሰው ነው። ሚስቲቱን በምርጫ ያሸነፈ፣ ባልየውን በሹመት የተካ። በአንድ ሰው እጅ ሁለት ጊዜ የተመቱ ባልና ሚስት ናቸው። ሴቲቱን "የሪክ ሚስት" ብሎ ማለፍ ያን ሁሉ ታሪክ መሰረዝ ነው። በመጋቢት 2023 ኪር ከመከላከያ አነሧት፤ በኋላ በአገር ውስጥ ሚኒስትርነት ተመለሰች። በመጋቢት 26 ቀን 2025 ምሽት ወታደሮች የሪክን ቤት ከብበው በቁም እስር ሲያውሉት አብራው ነበረች። ከመስከረም ጀምሮ እርሱ ፍሪደም አዳራሽ ውስጥ በአገር ክህደት ተከሶ ሲቀርብ በቴሌቪዥን ይታያል።

የሪክ ትዳር ለክርክር ሲቀርብ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። በ1991 ኤማ ማኩን የምትባል እንግሊዛዊት የርዳታ ሠራተኛ አገባ፤ አንጀሊና ቀዳሚ ሚስቱ ናት። በዚያው ዓመት ነሐሴ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ደርግ ወድቆ ንቅናቄው መጠጊያ ባጣበት ሰዓት፣ ከናሲር ሆኖ በጋራንግ ላይ ዐመፀ። ቀጥሎ የመጣው የወንድማማቾች ጦርነት በቦር አካባቢ ብዙ ሺህ ሰው ፈጀ። ሰው ግን ምክንያቱን በአንዲት ሴት ላይ ጫነ፤ "የኤማ ጦርነት" አለው። ዲቦራ ስክሮጊንስ በ2002 ያሳተመችውን መጽሐፍ ያንኑ ስም ሰጠችው። ኤማ ራሷ በ1993 ናይሮቢ ላይ በመኪና አደጋ ሞተች፤ ነፍሰ ጡር ነበረች። ትዳር ፖለቲካን ለማንበብ መልካም መነጽር ቢሆንም፣ ሴትን ለመክሰስ ደግሞ የቀረበ ዱላ ነው። ወንዶቹ ተፋልመው ወንዶቹ ሲታረቁ ስሙ የቀረው በእርሷ ነው።

ምሳ የበላሁት ከወደቡ ብዙ በማይርቅ የሐበሻ ቤት ነው። ጁባ ውስጥ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ከ2005ቱ ሰላም በኋላ እንደ ጎርፍ ገብተዋል፤ ሆቴሉ፣ ምግብ ቤቱ፣ ውኃ የሚያመላልሰው ቦቴ ሁሉ በብዛት የነሱ ነው። ባለቤቲቱን እትዬ እላታለሁ። ሦስት ጊዜ ዘግታ ሦስት ጊዜ ከፍታለች፤ በ2013፣ በ2016፣ አንዱን ግን መናገር አልፈለገችም። ግድግዳው ላይ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስ ተንበርክከው የኪርን፣ የሪክንና የርብቃን እግር ሲስሙ የሚያሳይ የደበዘዘ ፎቶ ተለጥፏል፤ የሚያዝያ 2019 ነው። ደንበኛ ነው የለጠፈው አለችኝ፤ እሷ ኦርቶዶክስ ናት፣ ከጎኑ የገብርኤል ሥዕል አለ።

"አዲስ ሹም ሲመጣ በምን ታውቂዋለሽ፣ እትዬ?"

"በሚስቱ ሾፌር።"

አላሳቀችም፤ የምሯን ነው። የሹም ሚስት ሾፌር ክትፎ ለመውሰድ ሲመጣ ከከፈለ ቤቱ ደኅና ነው። "ማዳም ነገ ትከፍላለች" ካለ ደግሞ የሹሙ ዕድሜ አጭር ነው፣ ወይም የሷ። ስለ ባሎቹ አንዳች ነገር አታውቅም፤ ቴሌቪዥኑንም የምትከፍተው ለደንበኛ ነው። ባለፈው ነሐሴ የፕሬዚዳንቱ ልጅ አዱት ሳልቫ ኪር የልዩ ፕሮግራሞች ከፍተኛ መልእክተኛ ሆና ስትሾም፣ ቀድሞ የቦል ሜል በነበረው ወንበር፣ ቤቱ በክርክር ሲናጥ እሷ ሽሮ ታማስል ነበር። "ልጅ ናት፤" አለችኝ። "ልጅ ደግሞ አይሻርም።"

ከሁሉም ትንታኔ ይህን የያዝኩት ለምን እንደሆነ አላውቅም። ምናልባት ጥያቄውን ስለሚያዞረው ይሆናል። ሚኒስትር ይሻራል፣ ጄኔራል ማዕረጉ ይገፈፋል፣ ባልም ይፈታል። ጁባ ውስጥ ሰው የዘመድ መንግሥትን ሲወቅስ እሰማለሁ፤ ወቀሳውም ተገቢ ነው። ግን ሁሉ ነገር በማታ ወረቀት በሚፈርስበት ከተማ፣ የማይፈርሰውን ዝምድና ሹሙም ሆነ ሕዝቡ የሙጥኝ ቢል አይገርመኝም።

ከሰዓት በኋላ ወደ ወደቡ ስመለስ ፀሐይዋ ባርጁን ምጣድ አድርጋዋለች። ጆንያ ቆጣሪው ጥላ ሥር ተቀምጦ ስለ ወንዙ ያወራኝ ጀመር፤ እዚህ ላይ ፊቱ ተፈታ። ይህ ወንዝ እዚህ ባሕር ኤል ጀበል ይባላል፤ ነጭ ዓባይ የሚሆነው ወደ ታች ነው። ከጁባ እስከ ሱዳኑ ኮስቲ 1,436 ኪሎ ሜትር በጀልባ ይኬዳል። ከጁባ በላይ ወደ ኒሙሌ ግን ፏፏቴና ድንጋይ ነው፤ ጀልባ አይወጣም። ጁባ ለዚህ ነው ወደብ የሆነችው፣ ውኃው ከዚህ በላይ አላሳልፍ ስላለ። መካከል ላይ ሱድ አለ፣ ረግረጉ፣ ደንገል የዋጠው ባሕር። ያን ረግረግ በቦይ ለማለፍ በ1978 የተጀመረው የጆንግሌ ቦይ ከታቀደው 360 ኪሎ ሜትር 240 ያህሉ ተቆፍሮ በ1984 የንቅናቄው ተዋጊዎች አስቆሙት። የንቅናቄው መሪ ጋራንግ ደግሞ በ1981 አሜሪካ አዮዋ ውስጥ የዶክትሬት ጽሑፉን የጻፈው ስለዚያው የጆንግሌ አካባቢ ልማት ነው። ስለ ቦዩ አጥንቶ፣ ቦዩን አስቆመ። ጆንያ ቆጣሪው ይህን አያውቅም ነበር፤ ስነግረው ለረጅም ጊዜ ዝም አለና "ዶክተር ጆን እንዲያ ነው" አለ።

ወደቡን ጃፓኖች ከነጻነት በፊት አድሰውት ነበር። ሊያስፋፉት የጀመሩት ግን የ2013ቱ ጦርነት አቋረጠው። ከወደቡ ወደ ደቡብ የሚታየውን 560 ሜትር የነጻነት ድልድይ ግን ጨርሰዋል፤ በግንቦት 2022 ተመረቀ። ከድልድዩ ማዶ በአሜሪካ ገንዘብ በ2012 ያለቀው የ192 ኪሎ ሜትር አስፋልት ወደ ኒሙሌና ኡጋንዳ ይወስዳል፤ የጁባ እንጀራ፣ ማለቴ እንጀራዋ በቆሎ ነው፣ በብዛት የሚመጣው በዚያ ነው። በሚያዝያ 2023 ሱዳን ውስጥ ጦርነት ሲነሣ ከኮስቲ ይመጣ የነበረው ሸቀጥ ቀጠነ። ባርጆቹ አሁን የሚሄዱት በአገር ውስጥ ነው፤ ቦር፣ ማላካል፣ ሬንክ። በየመንገዱ ኬላ አለ፣ በየኬላው ጠመንጃና ደብተር።

"ለወደቡ ጥሩ የነበረው ሹም ማን ነው?" አልኩት።

አላመነታም። "እማማ ርብቃ።"

"ምን ሠራች?"

አሰበ። ካርቶኑን አገላበጠ። "መጥታ አየችን፤" አለ።

አሥር ሰዓት ላይ አንድ ወጣት ሞተር ብስክሌቱን አቁሞ ወረቀት ይዞ መጣ። ወደ ቦር የሚሄደው ባርጅ የመነሻ ፈቃድ ነው። ጆንያ ቆጣሪው ተቀበለው፣ አነበበው፣ ለገፊ ጀልባው ካፒቴን ሰጠው፤ ካፒቴኑ አንብቦ መለሰለት። ሁለቱም ከታች ያለውን ፊርማ አዩ። የፈረመው ሰው ስሙ ትናንት ማታ በተነበበው ውስጥ ይኑር አይኑር እርግጠኛ አልነበሩም፤ አንዱ ነበር ይላል፣ ሌላው የሌላ ሰው ስም ነው ይላል። ሞተረኛው እኔ አድራሽ ነኝ አለ። ባርጁ ላይ ሽንኩርቱ በሙቀቱ መሽተት ጀምሯል።

ካፒቴኑ ስልክ ደወለ። ማንሣት የለም። ደግሞ ደወለ።

"የማን ዘመድ ነው የፈረመው?" ብዬ ጠየቅሁ፣ ለቀልድ።

ጆንያ ቆጣሪው ወረቀቱን እንደገና ተመለከተው፤ ስሙን ቀስ ብሎ በከንፈሩ አነበበ፣ ከዚያ ወደ ካፒቴኑ ዞሮ በዲንቃ አንድ ነገር አለው። ካፒቴኑ ጥቂት አሰበና መልሶ ጠየቀው። እንዲህ ተመላለሱ፤ እናት፣ አጎት፣ የአጎት ሚስት መሆኑ ነው፣ ከጣቶቻቸው አቆጣጠር እንደገባኝ። በመጨረሻ ካፒቴኑ ራሱን ነቀነቀ፣ ለልጆቹ እጁን አወዛወዘ። ገመዱ ተፈታ። ሳንቃዋ ወደ ባርጁ ተጎተተች።

ጆንያ ቆጣሪው ካርቶኑን ወደ ኪሱ ከመክተቱ በፊት ጭረቶቹን በጣቱ እየነካ ደግሞ ቆጠራቸው። አንድ ጎደለበት፤ ያ ስለ ሽንት ቤቱ ብር ስናወራ ያመለጠው ይሆናል። በከሰሉ ጨመረው።